የገመቹ ቁምጣ

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ልደርስ ነቀምት ሄጄ ነበር። ከለቅሶው ቤት ስመለስ ገበያው ዳር አንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰውየው የካኪ ጣቃ ዘርግቶ ይቆርጣል። አዲስ ካኪ ውሃ ሳይነካው የራሱ ሽታ አለው፤ አሚዶ አሚዶ፣ አቧራ አቧራ፣ ትንሽም ላምባ ላምባ ይላል። አሁን ልጆቹ የሚለብሱት ጨርቅ ሽታም የለው፤ ሰውየው ያንን ካኪ ከየት እንዳገኘው እንጃለት። "ምን ልታዘዝ፣ እማማ?" አለኝ። "ምንም፤ እያሸተትኩ ነው" አልኩት። እብድ ሳልመስለው አልቀረሁም። ይምሰለዋ።

ያኔ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ከተማዋን ለቀምት ነበር የምንላት። የእኛ ቤት ግን ቢላ የምትባል የገጠር ከተማ ነው፣ ገበያው ዳር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። አያቴ ዓባይን ተሻግረው ከጎጃም መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ እናቴ ደግሞ የአገሩ ልጅ ናት። ስለዚህ በእኛ ቤት አባቴ በአማርኛ ይቆጣል፣ እናቴ በኦሮምኛ ታባብላለች፤ እኛ ልጆቹ አንዱ ቋንቋ የት እንደሚያልቅ፣ ሌላው የት እንደሚጀምር ሳናውቅ አደግን። ለወንድሜ ስም ያወጣችው እናቴ ናት፣ ገመቹ ብላ። ለእኔ አባቴ፣ አስካለ ብሎ። ገመቹ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል። በጭንቅላት ግን በብዙ ነበር የሚበልጠኝ።

ስለ ዕውቀት እያወራሁ አይደለም። ጭንቅላቱ ትልቅ ነበር፣ በቃ ትልቅ። እናቴ ሸሚዝ ስታጠልቅለት ግንባሩ ላይ እየተቀረቀረ ያስለቅሰዋል። ሌላ አባት ቢሆን ያፍርበት ይሆናል፤ የእኛ አባት ግን ይኮራበት ነበር። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ያንን ጭንቅላት መታ መታ አድርጎ፣ "ይህን የሚያህል ጎተራ እግዜር ያለ ምክንያት አልሰጠውም፤ ትምህርት ይሞላበታል" ይላል። እሱ ራሱ ከቄስ ትምህርት አልዘለለም። ልጁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቶ፣ እስክሪብቶ በደረት ኪሱ ሰክቶ እንዲያየው ነበር ሕልሙ።

ለትምህርት የደረሰ ልጅ የሚለካው ያኔ በእጅ ነበር። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፣ ይገባል። ካልነካ "ከርሞ ና" ነው። ስንት ዓመትህ ነው የሚል የለም፤ ቢጠየቅስ ማን ያውቀዋል? እናቴ የገመቹን ልደት የምታስታውሰው በቅሎዋ የሞተችበት ሰሞን ብላ ነው።

እና ያንን ክረምት ሙሉ ገመቹ ጆሮውን ሲያሳድድ ከረመ። ጧት ፊቱን ታጥቦ በሩ ላይ ይቆማል፣ እጁን በአናቱ ላይ ይዘረጋል፣ ጣቶቹ የጆሮው አፋፍ ላይ ሲደርሱ ያልቁበታል። ከጓሮው ዋንዛ ላይ ይንጠለጠላል። ተኝቶ ጣቶቹን እንድጎትትለት ይለምነኛል፣ እኔም እግሬን ከወገቡ ላይ ተክዬ የቻልኩትን እጎትታለሁ። አጠገቡ ቆሜም እንደ ጨዋታ አብሬው እለካ ነበር። እሱ እጁን ሲያነሣ አነሣለሁ፣ ሲያወርድ አወርዳለሁ። የእኔ እጅ ጆሮዬን አልፎ ጉንጬን ይነካል። እናቴ፣ "የአንቺ እጅ መርዘሙንማ የስኳሩ ጣሳ ያውቀዋል" ትለኛለች።

ለምን ጆሮ እንደሆነ የነገረኝ የለም። በራሴ ደረስኩበት፦ መምህሩ የሚቆነጥጠውን ጆሮ ተማሪው ራሱ እንዲያሳየው ነው። ገመቹ ለመቆንጠጥ ይህን ያህል መልፋቱ ገርሞኝ፣ ተማሪ የሚባሉት ሁሉ አንድ ጆሯቸው ትልቅ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር።

ነሐሴ ላይ አባቴ የሰውን ሁሉ የእንቁጣጣሽ ልብስ ሰፍቶ ሲጨርስ፣ ለገመቹ ካኪ ቁምጣ ሰፋለት። እንዲያድግበት ብሎ ሰፊና ረጅም አደረገው፤ ግራና ቀኝ ክርን የሚያስገቡ ኪሶች አወጣለት። ገመቹ ቁምጣውን ለብሶ የስፌት መኪናው አጠገብ ቆሞ፣ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ሲስቅ ዛሬም ይታየኛል። ለእኔ ምንም አልተሰፋልኝም። የሚሰፋበትም ምክንያት የለም፤ የእኔ ነገር አጭር ነበር። ገመቹ ለቀምት አዳዳ የሺ ዘንድ ሆኖ ይማራል። እኔ ውሃ እየቀዳሁ አዳዳን አግዛለሁ፣ እሱንም አይከፋው። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ አክስት የሚል ቃል ቤታችን ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም።

መስከረም በጠባ ሳምንት ሳይሞላ ተነሣን። መንገዳችን ላይ ያለው ወንዝ እስኪጎድል ዳር ላይ ጠብቀን፣ ጭቃውን በእግር ከጨረስን በኋላ የጭነት መኪና ላይ ወጣን። ገመቹ ቁምጣው እንዳይቆሽሽ አሮጌውን ለብሶ አዲሱን በፌስታል... ምን ፌስታል፣ ያኔ ፌስታል የታለና፤ በእናቴ መቀነት ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞት ነበር። አዳዳ ባኬ ጃማ የሚባል ሰፈር ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ነበረቻቸው። ባላቸው ወንጌላዊ ነበሩ፣ ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ቅቤ ከገጠር ሴቶች ተቀብለው እያነጠሩ ይሸጣሉ። ቃል ከአፋቸው በመከራ ነው የሚወጣ። "አካም ጂርቱ" ብለው ደህንነታችንን ጠየቁ፣ ሳሙን፣ በቃ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ሰልፍ ያዝን። አባቶች፣ ወንዶች ልጆች፣ አንዳንድ በቅሎ። ዲሬክተሩ ቀጭን ሰው ነው፤ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እየዞረ "እጅህን" ይላል። ልጁ እጁን ያነሣል፣ ጆሮውን ይዞ ይገባል። ገመቹ ጋ ደረሰ።

"እጅህን።"

ገመቹ ዘረጋ። ትከሻው እስኪነሣ፣ አንገቱ እስኪጣመም ዘረጋ። ጣቶቹ ጆሮው አፋፍ ላይ ሄደው ቆሙ።

"አንገትህን አታጣም። ቀጥ በል።"

ቀጥ ሲል ጭራሽ ሸሸ።

"ጌታዬ፣ እጁ አጥሮ እኮ አይደለም" አለ አባቴ። "ጭንቅላቱ ነው የተለቀበት። ዕድሜውስ ደርሷል።"

"ወንድሜ፣ እኔ የምለካው በእጅ ነው። የከርሞ ሰው ይበለን፤ ከርሞ አምጣው።"

እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ገመቹ እጁን ሲያነሣ አብሬው አንሥቼ ነበር፤ ክረምቱን ሁሉ እንደዚያ ስናደርግ ከርመን፣ እሱ ሲያነሣ የእኔ እጅ ዝም ማለት አይችልም። ጆሮዬን አልፌ ጉንጬን ይዣለሁ። ዲሬክተሩ ሊያልፍ ሲል አየኝና ሳቀ።

"ይቺስ?"

"እሷ ውሃ ልትቀዳ ነው የመጣች" አለ አባቴ።

"ሴት ልጅ አስገቡ እየተባልን ነው፤ የሚያመጣ አባት ግን ጠፋ። እጇ ደርሷል። ታስገባታለህ?"

አባቴ መጀመሪያ ገመቹን አየ፣ ከዚያ እኔን። ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ።

"ትግባ" አለ።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ተመርጬ ስለማላውቅ ደስ አለኝ። ዞር ብዬ ገመቹን ሳየው እጁ ገና አናቱ ላይ ነበር። ሰልፉ አልፎት ሄዶም ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ ጆሮውን ይፈልጋል። ያን ጊዜ ደስታዬ ጠፋ፤ ተመልሶም አልመጣ።

ከሰዓት በኋላ አባቴ አዳዳ ደጅ ላይ ተቀምጦ፣ "ቁምጣውን አምጣ" አለው። ለእኔ የሚሰፋ ሌላ ካኪ የለንም፣ የስፌት መኪናውም ያለው ቢላ ነው። ገመቹ አውልቆ ሰጠው። አባቴ በምላጭ የእግሮቹን መሃል ተረተረና የፊቱን ከፊት፣ የኋላውን ከኋላ እያጋጠመ በእጁ ይሰፋው ጀመር። መርፌውን ከዓይኑ ራቅ አድርጎ ያዘና ክሩን ማስገባት አቃተው። "ክተትልኝ እስቲ" ብሎ ለገመቹ ሰጠው። ገመቹ በአንድ ጊዜ ከተተ። ከዚያ ወዲያ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ክር በጨረሰ ቁጥር ይከትለታል፤ ዓይኑን ከስፌቱ ላይ አይነቅልም። ለራሱ ቁምጣ ቀብር ክር እያቀበለ፣ የተናገረው ስለ ኪሱ ብቻ ነው።

"አባ፣ ኪሱስ?"

"ኪሱ እንዳለ ይሁን፤ ቢወጣ ጨርቁ ይቀደዳል።"

"ሴት ኪስ አላት እንዴ?"

"ይቺ አላት" አለ አባቴ።

ጉርድ ቀሚስ ሆነ። መሃሉ ላይ ከወገብ እስከ ጉልበት ወፍራም ስፌት የሚወርድበት፣ ግራና ቀኝ የወንድ ኪስ ያለው።

በነጋታው ተሰናበቱ። አባቴ አናቴን ሳመኝ። ገመቹ ግን በሩ ላይ ቆሞ "ነጋቲ" አለኝ። ነጋቲ በሰላም ቆዩ እንደማለት ነው፤ በእኛ ቤት ለእንግዳ ነበር የሚባለው። ለእኔ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ከሄዱ በኋላ አዳዳ እንስራውን አሳዩኝና ወደ ቅቤያቸው ተመለሱ። እኔ እንስራዬን ይዤ መንገዱ ላይ ቆምኩ። ለካ ሰው እንዲህም ብቻውን ይቀራል።

ትምህርት ሲጀመር የመጀመሪያው ሥራችን ሳር ማጨድ ነበር። ክረምቱን ግቢው ሰው ሳይረግጠው ከርሞ ሳሩ ወገብ ይደርሳል፤ አደይ አበባው መሃል መሃሉን ይታያል። ትልልቆቹ ያጭዳሉ፣ እኛ ትንንሾቹ እየታቀፍን ወደ አጥሩ እንወስዳለን። ሳር ታቅፌ ጎንበስ ስል አንድ ልጅ ቀሚሴን አየውና በኦሮምኛ፣ "ይቺ ቁምጣ ናት፣ እግሯ ጠፍቶባት ነው" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ቁምጣ ሆነ። አልተጣላኋቸውም። እውነታቸውን ነው፣ ቁምጣ ነበር። እጄን ኪሴ ከትቼ ጥግ ላይ መቆም ለመድኩ። ሌሎቹ ሴቶች ልጆች ሲከፋቸው ነጠላቸውን ይነክሳሉ፤ እኔ ኪስ ነበረኝ።

ክፍል ውስጥ ወንበር ጠባብ ነው፣ ተጠጋግተን ነው የምንቀመጥ። እኔ ግን ጎኔ አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ትቼ ነበር የምቀመጠው። የገመቹ እጅ በማንኛውም ቀን ሊደርስ ይችላል ብዬ ነዋ። ከርሞ ማለት ሌላ ዓመት መሆኑን አላወቅኩም፤ እጁ የደረሰ ዕለት በር ከፍቶ የሚገባ ነበር የሚመስለኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ሙኒራ፣ የጉራጌው ባለሱቅ ልጅ፣ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ስለሰለቻት ለመምህሩ ከሰሰችኝ።

"ቦታውን ለማን ይዘሽ ነው?" አለኝ መምህሩ።

"ለገመቹ።"

"ገመቹ ማነው?"

"እጁ ሲደርስ የሚመጣ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ አልሳቀም። "ሲመጣ ቦታ እንፈልግለታለን፤ አሁን ጠጋ በይ" አለኝ። ተጠጋሁ። ሙኒራ ጎኗ ሞቃት ነበር፤ ገመቹ ላይ የተቀመጠች ያህል ተሰማኝና ቀኑን ሙሉ አኮረፍኳት። ምስኪን ልጅ፣ እሷ ምን አጠፋች።

ከሰሌዳው ሥር የምትወድቀውን የጠመኔ ስባሪ መልቀም የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። ገመቹ ሲመጣ የሚጽፍበት እንዲኖረው። ቀኝ ኪሴ በጠመኔ ተሞላ። ቀሚሱ ሲታጠብ አወጣዋለሁ፣ ሲደርቅ እመልሰዋለሁ። በዕረፍት ሰዓት ሌሎቹ ሲጫወቱ እኔ ኪሴ ውስጥ በጣቴ እየነካካሁ እቆማለሁ።

የመስቀል ዕለት ማንም አልመጣም። ደመራው ሲቃጠል ከጎረቤት ሰዎች ኋላ ቆሜ አየሁና ተመለስኩ። አዳዳ መጽሐፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። እሳቸው ሲጸልዩ ዓይናቸውን ጨፍነው በኦሮምኛ ነው፣ ረጅም። ጨርሰው ዓይናቸውን ሲገልጡ ጠበቅኩና፣

"አዳዳ፣ የገመቹ እጅ እንዲረዝም ይጸልዩልኝ" አልኳቸው።

"ለእጅ ጸልዬ አላውቅም፣ ልጄ።"

"ትንሽ ብቻ ነው የሚቀረው። ጣት የምታህል።"

ትክ ብለው አዩኝ። ስለ እኔ ያዘኑ መሆናቸውን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ እስከዚያ የማይወዱኝ ነበር የሚመስለኝ። እንደገና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በጸሎታቸው መሃል "ገመቹ" ሲሉ ሰማሁ፣ ቀጥሎም "ሀርከ"፣ እጅ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሁልጊዜ ጸሎቱ ላይ እጁ ትጠራ ነበር፤ እኔም እሷን ሳልሰማ አልተኛም።

ጸሎቱም ሳይሰማ አልቀረም። ከጥምቀት በኋላ ከቢላ ቅቤ የሚያመጡ ሴቶች፣ "ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል፤ እጄ ጆሮዬ ጫፍ ደርሷል በሏት ብሎናል" አሉኝ። በፋሲካ ደግሞ፣ "ጆሮውን ይዞታል" አሉ። ያን ዕለት እንስራውን ይዤ ምንጭ ድረስ ሮጬ ሄድኩ። ብቻዬን ነበርኩ፣ ግን ብቻዬን መሆኔ አላስጨነቀኝም። መቼም አንድ ክረምት ምን አላት። ትምህርት ተዘግቶ ወንዙ ስለሞላ አገሬ ሳልገባ፣ አዳዳ ዘንድ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡን እየሰማሁ ከረምኩ። ሰማዩን የማየው መስከረም ይመጣ እንደሆነ ነበር።

መጣ። አባቴም መጣ። ከሩቅ አይቼው ሮጥኩና ከኋላው ፈለግኩ። ማንም የለም።

"ገመቹስ?"

አባቴ ጥቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠ። ትልቅ መነጽር አድርጓል፣ አንዱ ጆሮ ላይ በክር የታሰረ። ከቅርብ ሳየው ሌላ ሰው መሰለኝ።

"እጁ አልደረሰም?"

"ደርሷል። ጆሮውን አልፎ ጉንጩን ነክቷል።"

"ታዲያ?"

"ዓይኔ እንቢ አለኝ፣ አስኩ። ክር መክተት አቃተኝ፣ ኋላማ ጨርቁንም ማየት። መኪናውን እሱ ይዞታል። ጥሩ ይሰፋል።" ከዚያ ዝቅ ብሎ ጥቅሉን መፍታት ጀመረ። "ቤቱን የያዘው እሱ ነው" አለ።

ጎተራው ባዶውን ቀረ። አባቴ ይህን አላለም፣ እኔም አላልኩም፤ ሁለታችንም ግን እያሰብነው እንደነበር አውቃለሁ። አዳዳ ወንበር አመጡለት። "አባ ገመቹ፣ ተቀመጥ" አሉት፣ በልጁ ስም ጠርተው።

ከጥቅሉ ውስጥ አዲስ ካኪ ቀሚስ አወጣ። ሽታው እኔ ዘንድ ቀድሞ ደረሰ። በመኪና የተሰፋ ነው፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ በደንብ የተቀመቀመ። ዘመድ ፊት ቢለበስ የማያሳፍር። መሃሉ ላይ ግን ከወገብ እስከ ጉልበት ወፍራም ስፌት ይወርድበታል። ግራና ቀኝ ክርን የሚያስገባ ኪስ አለው።

"ራሱ ነው የሰፋው" አለ አባቴ። "ልኬትሽን ስላላወቅን በራሱ ወገብ ለካው፤ ቢሰፋሽ ለዚያ ነው። ድፍን ጨርቅ ነው፣ ለምን መሃሉን ትቆርጠዋለህ፣ ትርፍ ድካም ነው አልኩት። እንቢ አለ። የተማሪ ቀሚስ እንዲህ ነው፣ የሷን አይቻለሁ አለኝ።"

ለበስኩት። ሰፋኝ። የድሮው ቀሚሴ ኪስ ውስጥ እጄን ከትቼ ጠመኔውን ሁሉ አወጣሁ፣ በጨርቅ ቋጥሬ አባቴ እጅ ላይ አደረግኩት። ፈቶ በመነጽሩ አስጠግቶ አየው።

"እስካሁን በሳሙና ስባሪ ነው ጨርቅ የምናሰምር" አለ። "ይህ ይሻለዋል።"

ጠመኔው ለማን እንደተጠራቀመ ሳይገባው አልቀረም። መልሶ ቋጥሮ በደረት ኪሱ ከተተው።

ትምህርት ሲከፈት የመጀመሪያው ቀን፣ ሳሩ ሳይታጨድ፣ አዲሶቹ ልጆች ዛፉ ሥር ተሰለፉ። ዲሬክተሩ እየዞረ "እጅህን" ይላል። ልጆቹ እጃቸውን በአናታቸው ላይ ያነሣሉ። እኔ ሁለተኛ ክፍል ስለሆንኩ መሰለፍ አይመለከተኝም፤ ገመቹ የሰፋልኝ ኪስ ውስጥ እጄን ከትቼ ዳር ላይ ቆምኩ። እንደማይመጣ አውቃለሁ፣ አባቴ ነግሮኛል። ቢሆንም ሰልፉ እስኪያልቅ ድረስ በተነሱት እጆች መሃል አንድ ትልቅ ጭንቅላት ስፈልግ ቆየሁ።